የተወተፈው መስኮት

በእኛ አገር ሰው ንፋስን የሚፈራውን ያህል ሌላ ምንም ነገር አይፈራም። ያላመነኝ አውቶቡስ ይሳፈር። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውስጥ ሰዉ በላብ ተጠምቋል፣ ከኋላ አንዱ ይስላል፣ ከፊት ሌላው ያነጥሳል፤ መስኮቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ደፍሮ የከፈተ ሰው ካለ ወዮለት።

እኔ በዚህ ነገር መናደድ የጀመርኩት ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ከወልድያ ወደ መርሳ ስመለስ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከትልቁ ድርቅ በፊት፤ ወሩ ጥቅምት። ልጅቷ ቀኗ ሳይደርስ ስለመጣች ወልድያ ሆስፒታል ሰንብተን ነበር። በነጠላ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አድርጌያታለሁ፤ ከእሷ ክብደት ይልቅ የነጠላው ክብደት ይሰማኝ ነበር። አጠገቤ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ስንቃችንን በዘንቢል ይዘው ተቀምጠዋል። ተማሪ የሚመስል አንድ ጎረምሳ ሙቀቱ ሲብስበት መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገፋ አደረገው።

«አንተ! ዓይንህ አያይም?» አሉ አማቴ። «አራስ ይዘን! ዝጋው በአላህ!»

አውቶቡሱ ሁሉ አገዘን። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አፈጠጠበት። ልጁ አፍሮ ዘጋው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰውዬ «የዛሬ ልጅ! ጨቅላ በንፋስ ሊያስመታ!» ብለው አከታትለው ሳሉ። ሳላቸው ማጅራቴን አሞቀው። ልጅቷን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሸጎጥኳትና መስኮቱን በናፍቆት እያየሁ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም፤ ነርሷ የነገረችኝን እያሰብኩ ነበር። ከሆስፒታሉ የምንወጣ ዕለት ልጅቷን ለመጨረሻ ጊዜ ልትመዝን ስትመጣ አፍና አፍንጫዋን በነጭ ፋሻ አስራ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብላት ጉንፋን ይዞኛል፣ ለልጅሽ እንዳልሰጣት ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ጉንፋን የሚሰጥ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ጉንፋን ብርድ ሲመታህ፣ ከሞቀ ቤት ድንገት ስትወጣ፣ አልያም በላብህ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ የሚመጣ ነበር። ነርሷ ግን ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው አለች፤ ሲስሉ፣ ሲያነጥሱ፣ አፍንጫ የነካ እጅ ሕፃን ሲነካ። ለትልቅ ሰው ቀላል ነው፣ አፍንጫውን እያበሰ ሰንብቶ ይድናል። እንዲህ ያለ ቀኗ ለመጣች ግን ደረቷ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ጭስ ያለበት ቤት፣ የተፋፈገ ቤት፣ ሰው የበዛበት ቤት ሁሉ ለእሷ አይሆንም። ጡትሽን እንዳትነሻት አለችኝ። ከዚያ የመጀመሪያ ልጅሽን በምን አጣሽው ብላ ጠየቀችኝ።

«በሳል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

ስለዚህ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህችን ልጅ ብርዱ እስኪያልፍ፣ ትንሽ ሥጋ እስክታበጅ ድረስ ከሰው ሳል እንዴት አድርጌ ልሰውራት? መርሳ ላይ ደግሞ አራስ ከሰው መሰወር ማለት ሰው ከሚጠሉ ጋር መቆጠር ነው።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከደጁ ብርቱካን ያለው የጭቃ ቤት ነበር። ባሌ አስተማሪ ነው፤ እኔ በቤቴ በስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ። አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፣ ወይም እውነቱን ለመናገር እኛ ከእሳቸው ጋር እንኖራለን። የምንተኛበት ክፍል አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረችው። የእንጨት መዝጊያዋ አንዱ ጣውላ ተሰንጥቆ ወድቆ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተፈጥሮባታል። የመጀመሪያ ልጄ ሲሞት ያ ቀዳዳ ክፍት ነበር።

ወንድ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ነው የሄደው። በብርድ ወራት ቤቱ ሁሉ ሳል በሳል ሆኖ ሰነበተና እሱም ጀመረው። መጀመሪያ አፍንጫው ታፈነ፣ ቀጥሎ ጡት ይዞ እየተወ ማልቀስ አመጣ፣ ከዚያ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ዳማከሴ አሸን፤ ነጭ ሽንኩርት አሸን፤ ዱአ ተደረገ። ጎኑ እንደ ወናፍ ወደ ውስጥ እየገባ ሲወጣ አየሁ፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ሲያርፍ አማቴ መስኮቷን አይተው «በዚህች ነው የገባው» አሉ። ንፋሱን ማለታቸው ነው። በኋላ ቀዳዳዋ በጨርቅ ተወትፎ፣ ላዩ በጭቃ ተመርጎ አገኘሁት። እኔ በዚያ ሰሞን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከመተኛት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ማን እንደወተፈው፣ በምን እንደወተፈው አልጠየቅሁም። ክፍሉ ከዚያ ወዲህ በቀንም ጨለማ ሆነ።

ልጅቷን ይዤ ወደዚያ ክፍል ስገባ የምድጃው ጭስ ተቀበለኝ። ምድጃው ከመኝታችን አጠገብ ነው፣ መካከሉ መጋረጃ ብቻ። የምናነደው የማሽላ አገዳ ነበር፤ አገዳ ደግሞ ከሚሞቀው የሚጨሰው ይበልጣል። በሽታ በጭስ ይባረራል ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ በኅዳር ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነውም ለዚሁ ነው። ልጅቷ አነጠሰች። ባሌን ጠርቼ ነርሷ ያለችውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። በጸጥታ አዳመጠኝ፤ የተማረ ሰው ስለሆነ ገባው። ከዚያ አገጩን እያሻሸ «እውነት ነው» አለኝ። «ግን ለእናቴ ማን ይነግራታል?»

ባሌን እወደው ነበር፤ ጀግና ግን አልነበረም።

ጠያቂው በማግስቱ ጀመረ። መርሳ እስላሙም ክርስቲያኑም አራስ አይለይም። አንዷ «አላህ ያሳድግልሽ» ብላ ቅቤ ይዛ ትመጣለች፤ ሌላዋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ ለሁለቱም አሜን ነው መልሱ። ይህን የአገሬን ነገር እስከዛሬ እወደዋለሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የመጣ ሁሉ ልጅቷን ይስማል፣ የሳመ ሁሉ ይመርቃል፤ ምርቃት ደግሞ በእኛ ዘንድ በቃል ብቻ አያልቅም። ሽማግሌና አሮጊት ሲመርቅ በየመሀሉ እንትፍ እንትፍ ይላል። ጠብ የምትለዋ ምራቅ በልጁ ግንባር ላይ ካላረፈች ምርቃቱ የደረሰ አይመስልም።

በዚህ ደግሞ አማቴን የሚያህል አልነበረም። ሰው ሠርግ ሲደግስ፣ ቤት ሲገባ፣ ልጁን ለፈተና ሲልክ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ከውርጌሳ ድረስ መጥተው የተመረቁ አሉ። ልጅቷን በጠዋትና በማታ ያነሷትና «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ እንትፍ! አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ እንትፍ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፣ እንትፍ!» ይሏታል። ጤነኛ በነበሩ ጊዜ ደስ ብሎኝ አየሁ። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። የምፈራው የታመመ ሰው ፍቅር ነበር።

አንድ ቀን ፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መጡ። በሩ ላይ ቆመው ሳሉ፤ ተቀምጠውም ሳሉ፤ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉና «እስኪ አምጫት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ነጠላዬን በልጅቷ ፊት ላይ ጎተትኩና «ተኝታለች» አልኳቸው። ተኝታ አልነበረም፤ እግሯ ከነጠላው ሥር ይንፈራገጣል። ሴትየዋ እግሯን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ነጠላውን መርቀው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ለአማቴ፣ ለእኔ ግን እንዲሰማኝ አድርገው «ምርቃት የምትሸሽ አራስ ዛሬ ገና አየሁ» አሏቸው።

አማቴ ሸኝተው ተመለሱና እንዝርታቸውን አንሥተው መፍተል ጀመሩ። ሲናደዱ ይፈትላሉ፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ፈትል ወጣላቸው።

«ሰው ምን ይለናል?» አሉ። «ወላሂ አሳፈርሽኝ። ሰው በምርቃት ይሞታል እንዴ?»

«በምርቃት አይሞትም እማማ። በጉንፋን ነው የሚሞተው።»

«ጉንፋን ማንን ገሎ ያውቃል? ንፋሱን ጠብቂላት፣ ቀሪውን ለአላህ ስጪ።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ ሲነካኩኝ ቶሎ የምፈላ ሰው ነኝ፤ ያን ያህል ጊዜ መቻሌም ይገርመኛል።

«ያን ልጅ የገደለው ንፋስ አይደለም» አልኳቸው። «ጉንፋን ነው። ጉንፋኑን ደግሞ ሰው ነው ያመጣበት። ቀዳዳው ተደፈነ፤ በሩ ግን ይኸው ለሁሉም ክፍት ነው።»

እንዝርቱ ቆመ። አማቴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ የሚያዩት እንዝርቱን ነበር።

«ያኔ ጉንፋን ነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «በየጠዋቱ እያነሣሁ እመርቀው ነበር። እኔ ነኝ በይኛ።»

ይህን ይላሉ ብዬ አላሰብኩም። ንዴቴ በአንድ ጊዜ ከእኔ ወጥቶ ሄደ። ከፊቴ የተቀመጡት በሰፈሩ የሚፈሩት ሴት አልነበሩም፤ የልጅ ልጃቸውን የቀበሩ አሮጊት ነበሩ።

«ሁላችንም ነበረብን እማማ» አልኳቸው። «ልጅዎ ከትምህርት ቤት እየሳለ ይገባ ነበር። እኔ ራሴ አፍንጫዬን እየጠረግሁ ነበር የማጠባው። ጠያቂውማ አይቆጠርም። ከማን እንደያዘው አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ላጽናናቸው ብዬ አይደለም፤ እውነቱ ይኸው ነበር። አማቴ ግን ፈትላቸውን ጠቅልለው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ምድጃው ከቦታው የለም። አማቴ ጉልቻዎቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ከጓሮ ካለው ዳስ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። ልረዳቸው ስወጣ «ተመለሺ፣ ጭስ ላይ ምን ይሠራልሻል?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ መደብ የሚያህል ግንድ አንከባለው ከብርቱካኑ ሥር አደረጉና እዚያ ተቀመጡ። ያን ቀን የመጣ ጠያቂ ሁሉ ከብርቱካኑ አላለፈም።

«ቁጭ በይ እስኪ፣ ይብረድልሽ» ይላሉ። «ፀሐይ ይዘሽ አራስ ቤት አትገቢም።»

ይህ የጥንት ነው፤ እሳቸው የፈጠሩት አይደለም። ከመንገድ የመጣ ሰው ፀሐዩ ሳይበርድለት አራስ ዘንድ በቀጥታ እንዳይገባ ድሮም ይከለከላል። ስለዚህ ማንም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ወግ አዋቂ ናቸው ተባለላቸው። አማቴ ታዲያ እንግዳውን እያጫወቱ ጆሮአቸውን ያቆማሉ። ያልሳለ፣ አፍንጫውን ያልጠረገ ሰው ፀሐዩ ቶሎ ይበርድለታል፤ እጁን ታጥቦ ይገባል። የሚስል ሰው ግን ፀሐዩ በፍጹም አይበርድለትም። ደመና በሆነበት ቀን ሳይቀር «ኧረ ገና ነሽ፣ ፊትሽ ይፋጃል» ሲሏት የሰማኋት አንዲት ሴትዮ ትዝ ትለኛለች፤ የያዘችውን እንቁላል ሰጥታ፣ ከብርቱካኑ ሥር መርቃ፣ ደስ ብሏት ሄደች። ከውስጥ ሆኜ አፌን በነጠላ ይዤ ሳቅሁ። ስለ ጉንፋን አንድ ቃል ለማንም አልተናገሩም። የሰው ልብ ሳይሰብሩ ሰውን መመለስ ምን ያህል ችሎታ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ በዚያ ነገር እስከዛሬም ዜሮ ነኝ።

መስኮቷን ግን እንክፈት ስላቸው አይሆንም አሉ። በዚያ ላይ ንቅንቅ አላሉም። ሰው መላሽ ሆነዋል፣ ጭስ አውጥተዋል፤ ንፋስ ግን ንፋስ ነው። ተውኳቸው።

በኅዳር የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባ መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ስኳርና ሳሙና ሲታደል ይታወስበታል። እኔ አራስ ነኝ፣ ባሌ ከአስተማሪዎች ጋር ሌላ ስብሰባ አለው፤ የቤቱን ተራ አማቴ ሄዱ። አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ መስኮቶቹ በሚስማር የተመቱ። ስለ ምርት ዘመቻው ሲነገር ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጡ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ከንግግሩ ይልቅ የሰሙት ሳሉን ነው።

ከዚያ ሁለት ወይ ሦስት ቀን በኋላ ጠዋት ከደጅ ማነጠስ ሰማሁ። ጠያቂ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ሳይ አማቴ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከብርቱካኑ ሥር፣ ከዚያችው ግንድ ላይ።

«ምነው እማማ? ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። «ፀሐይ ይዣለሁ።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ማዶ እህታቸው ቤት አድረው፣ ቀን ቀን እየመጡ ከብርቱካኑ ሥር ይውላሉ። ሌላውን ሰው እንደከለከሉ ራሳቸውን ከለከሉ። ልጅቷን ከበር ላይ ቆሜ ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። እሳቸውም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከዚያ ሆነው የሚያዩት ነጠላ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ሲበዛባቸው እንዝርቱን ያነሣሉ። ቅር ብሏቸው እንደነበር ማንም ያያል። እኔም ቅር አለኝ። ያን ቤት ለብቻዬ ማግኘት ስመኝ የኖርኩ ሴት፣ አማቴ ናፈቁኝ ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ቀትር ላይ ልጅቷን እያጠባሁ ጋደም እንዳልኩ ከመስኮቷ ላይ ጭቃ ሲፈረፈር ሰማሁ። ቀጥሎ የወተፈው ጨርቅ ተንቀሳቀሰ። ከውጭ አንድ እጅ ይጎትተዋል። ጭቃው ተሰብሮ ወደቀ፣ ጨርቁ ተነቀለ፤ ብርሃን ቀጥ ብሎ ገብቶ ልጅቷ ጉንጭ ላይ አረፈ። አማቴ ከቀዳዳዋ ርቀው ቆመዋል፤ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘዋል።

«እዚያው አዙሪያት» አሉኝ። «እስኪ ፊቷን ልየው። ንፋሱ ትንሽ ቢነካት ምን ይላታል?»

አዞርኳት። እኔ ግን የማየው ሌላ ነበር። በእጃቸው የያዙት ጨርቅ አቧራና ጭቃ ቢበላውም ቢጫ ነው። ዳሩ በሰማያዊ ክር ተዘምዝሟል። ያንን ዘምዛሚዋ እኔ ነኝ። ከሐራ ገበያ የገዛሁት ፖፕሊን ነበር፤ ነጭ ክር አልቆብኝ በሰማያዊ የጨረስኩት፣ የመጀመሪያ ልጄ ማቀፊያ።

«እማማ፣ ያ የእሱ ነው» አልኩ።

ጨርቁን አዩት። የረሱት አይመስሉም።

«የእሱ ነው» አሉ። «ለቀብር ከእጄ ሲወስዱት ይህ ጨርቅ እጄ ላይ ቀረ። ቀዳዳዋን ሳያት አልቻልኩም። ሌላ ጨርቅ ልፈልግ አላልኩም፣ በያዝኩት ደፈንኳት።» ጭቃውን ከጨርቁ ላይ አራገፉና «ሲበርደው የነበረ መሰለኝ» አሉ።

አለቀስኩ። ልጁ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ልጅቷ ጡቱን ለቃ ምን ሆንሽ እንደማለት አየችኝ። አማቴም ከመስኮቷ ወዲያ በነጠላቸው ውስጥ ያለቅሳሉ፤ ሁለታችን የምናለቅሰው በአንድ ቀዳዳ በኩል ነበር። ያኔ ያ ሞት የእኔ ብቻ እንዳልነበረ አወቅሁ። እስከዚያ ድረስ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አማቴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ልጅቷን መረቋት። እንትፍ የሚሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ምድር ያዞራሉ፤ እንትፍ ብለው ወደ እሷ ይመለሳሉ። ምርቃቱ ለእሷ ደረሰ፤ ምራቁ የብርቱካኑን ሥር አጠጣ።

እንዲህ ሁሉ ተጠንቅቀን ጉንፋኑ በባሌ በኩል መጣ። ከእሱ ሌላ በማን ይመጣል? የሚያስተምርበት ክፍል ልጆቹ በአንድ ወንበር አራት አምስት ሆነው የሚቀመጡበት ነው፤ በብርድ ወራት ከትምህርቱ ሳሉ ይበዛል። ጠዋት ጉሮሮው ከረከረው፣ ማታ ከመጋረጃው ወዲያ ተኛ፤ ግን ረፍዷል። ልጅቷ አፍንጫዋ ታፈነ። ጡት ይዛ ትተወዋለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትይዘዋለች። ይህን መንገድ አውቀዋለሁ። ጠቅልለናት ወደ ክሊኒክ ሮጥን።

ያለነው መርሳ ነው፤ ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም። ድሬሰሩ ልብሷን አውልቆ ትንፋሿን እየቆጠረ ደረቷን አየው። ባሌ መርፌ ይወጋልን አለ፤ በዚያ ዘመን መርፌ ያልተወጋ ሰው የታከመ አይመስለንም። ለጉንፋን የሚሆን መርፌ የለም አለ ድሬሰሩ። ጎኗ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ጡት ጨርሳ ከተወች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወዲያው ወልድያ ውሰዷት አለን። እስከዚያው ታልቦ በማንኪያም ቢሆን ወተትሽን አትጣ፣ ቀና አድርገሽ ያዣት፣ አፍንጫዋን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ጠብታ አጽጂላት፣ ጭስ አታሳያት አለኝ።

ቀና አድርጎ መያዝ ቀላል ይመስላል። ሳስተኛት ትታፈናለች፣ ቀና ሳደርጋት ትተነፍሳለች። ስለዚህ አላስተኛኋትም። ዓይኔ ከጎኗ ላይ አልተነቀለም። አንድ ቀን አልፎ በሁለተኛው ቀን እግሬ አልሸከም አለኝ፤ ባሌ እንዳያግዘኝ ራሱ ይስላል። ልቀመጥ ብዬ ወደ ግድግዳው ስጠጋ አማቴ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሳላቸው ገና አልለቀቃቸውም ነበር። አፍና አፍንጫቸውን አስረዋል። ያሰሩበት ጨርቅ ቢጫ ነው፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደርቋል፣ ዳሩ ሰማያዊ።

ስለ ነርሷ ፋሻ ለባሌ እንጂ ለእሳቸው አልነገርኩም ነበር። ቤታችን ግን መጋረጃ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ለካ ሁሉንም ሰምተዋል።

«እጄን ታጥቤያለሁ» አሉ ከጨርቁ ውስጥ። «አምጫት። አንቺ ተኚ።»

ሰጠኋቸው። ትከሻቸው ላይ ቀና አድርገው፣ በተከፈተችው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሳላቸው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞራሉ። ስነሣ ያው እንደተቀመጡ ነበሩ። ያን ቀንና የሚቀጥለውን እየተቀባበልን ያዝናት። ጎኗ አልተሰረጎደም። ከዚያ አንድ ጠዋት ጡቴን ያዘችና ሳትለቅ፣ ሳታለቅስ፣ እስክትጠግብ ጠባች። «አልሐምዱሊላህ» አሉ አማቴ ከጨርቁ ውስጥ።

አማቴ ጨርቁን ቶሎ አልፈቱትም። ሳሉ ከለቀቃቸው በኋላም ለልጅቷ ሲቀርቡ ያስሩታል፤ ብርዱ ይለፍ ይላሉ። ያለሱ አያነሷትም፣ ያለሱ አያጫውቷትም። በጥር መጨረሻ፣ ልጅቷ ሰው እያየች መሳቅ በጀመረችበት ሰሞን፣ ከብርቱካኑ ሥር ይዘዋት ተቀምጠው ፈቱት። ልጅቷ አፍና አፍንጫ ያለውን ሙሉ ፊታቸውን አየችና ከንፈሯን ጥላ በለቅሶ አቀለጠችው። አማቴ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ጨርቁን መልሰው አሰሩት። ዝም አለች። እጇን ዘርግታ ሰማያዊውን ዳር ያዘች።

የአያቷን ፊት ከማወቋ በፊት የወንድሟን ጨርቅ አወቀች።